ሳይቀመስ የተቀዳ

ንፋስ መውጫ ውስጥ ጠጅ የሚሸጥበት ቤት ሞልቷል፤ ጠጅ የሚያውቅ ቤት ስንት ነው ከተባለ ግን ነገሩ ሰው ያጣላል። ሰው ቢጣላም ባይጣላም የየሻረግ ቤት ከሁሉም ፊት እንደነበረ ተቀናቃኞቿም አይክዱም። ቤቷ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ባጃጁ እየተንገጫገጨ በሚወርድበት የድንጋይ መንገድ ዳር ነው። ማሩ ከስማዳ ቆላ ይመጣላታል፤ ጌሾውን ራሷ ትመርጣለች፤ ገብሱን እህል ነጋዴው ባሏ ምስጋናው አርብ ገበያ ወርዶ ከገበሬዎች ይገዛላታል።

ዝናዋ ግን በመጣሉና በመጥመቁ ብቻ አልነበረም። ምን ከምን ጋር እንደሚጠጣ ታውቃለች፤ ካልሄደም አትሸጥም። ለሽሮ የገብስ ጠላ ነው፣ ያውም ቀዝቀዝ ያለ። ለጥብስ ማሩ ተበልቶ ያለቀ ደረቅ ጠጅ። ለዶሮ ወጥ ደግሞ በርበሬውን የሚያባብል፣ ገና ጣፋጭነቱ ያልለቀቀው ለስላሳ ጠጅ። ጎመን በአይብ እየበላ ጠጅ ያዘዘ ሰው ጠላ ይቀርብለታል፤ ቢያኮርፍ አኩርፎ ይጠጣል እንጂ ሌላ አያገኝም። አንድ ጊዜ አንድ ትልቅ ሰው ከጥብስ ጋር አረቄ ቢጠይቃት «ምነው፣ ጥርስዎን አመመዎት?» ማለቷ እስከ እስቴ ድረስ ተወርቷል። ድግስ ያለበት ሰው በሬውን ከመግዛቱ በፊት እሷን ያማክር ነበር።

ነበር ነው እንግዲህ። ከሦስት ዓመት ወዲህ የሚያማክራት አንሷል፤ ምክንያቱንም አገር ያውቀዋል።

ምስጋናውና ሚኒባስ ሹፌሩ ይበልጣል አብሮ አደጎች ናቸው። በልጅነታቸው ቤተ ልሔም ደብር ከአንድ መምህር እግር ሥር ተቀምጠው፣ አንድ ደበሎ ተጋርተው ተኝተው ዳዊት ደግመዋል። ሦስተኛው ጓደኛቸው ወልደ ሰንበት ትምህርቱን ገፍተው መሪጌታ ሆኑ፤ ሁለቱ ወደ ዓለሙ ወጡ። ጓደኝነቱ ግን አልላላም፤ ሚስቶቹም ገቡበት። የሻረግና የይበልጣል ሚስት ፋንቱ አንዷ ሳትኖር ሌላዋ ገበያ የማትወጣ ሆኑ።

ታዲያ አንድ ቀን ይበልጣል ከመንገድ ደክሞ ከሚስቱ ጋር ገባና የሻረግ ብርሌ ሞልታ ሰጠችው። በአገሩ ወግ የምትቀዳ ሴት፣ ይልቁንም ጠጁን የጣለችው ባለሙያ፣ ለእንግዳ ከመስጠቷ በፊት በመዳፏ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች። ጣዕሙን ለማየት ነው ይባላል፤ ሁሉም ሰው ግን ሌላውን ምክንያት ያውቀዋል። ክፉ ነገር የለበትም፣ ካለበትም እኔን ያስቀድመኝ ማለት ነው። ያን ቀን የሻረግ አልቀመሰችም። የመጀመሪያ ፅንሷ ነበር፤ የጠጁ ሽታ አንጀቷን ሲገለብጥባት ፊቷን አዙራ እንዲሁ ሰጠችው።

ይበልጣል በማግስቱ ሆዱን ይዞ ተንከባለለ። ደብረ ታቦር ሆስፒታል ሲደርስ ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ተገኘና ተቀድዶ ለጥቂት ተረፈ። ሐኪሞቹ ትርፍ አንጀት ነው አሉ። ሰው ደግሞ «ትርፍ አንጀቱንስ ምን አፈነዳው?» አለ። ሰው መቼም ለእንዲህ ያለ ነገር መልስ አያጣም። ፋንቱ በአልጋው ራስጌ ተቀምጣ ያየችውን ተናገረች፤ «ሳትቀምስ ነው የሰጠችው፤ በዓይኔ አይቻለሁ።» ውሸት አልነበረም። የሻረግ ወሬው በደረሳት ሰሞን፣ ገና ለምስጋናው እንኳ ያልነገረችው ፅንስ ወረደባት። ከዚያ በኋላ «አርግዤ ነበር» ብትል ሰበብ ፈጠረች ከማለት በቀር ማን ይሰማታል? ዝም አለች። ዝምታዋንም ሰው በፈለገው መንገድ ተረጎመው። ባሎቹ ተኳረፉ፤ ሚስቶቹ ገበያ ላይ ሲገናኙ መንገድ ይቀይሩ ጀመር፤ ጠጪውም ቀስ በቀስ ከደጇ ራቀ።

በዚህ ዓመት ሁዳዴ ሊገባ ሲል መሪጌታ ወልደ ሰንበት ሁለቱን ወንዶች አንድ በአንድ ያዟቸው። «ተኳርፋችሁ ጾም ልትገቡ ነው? እኔስ በየትኛው አፌ ነው ሌላውን ታረቅ የምለው?» እያሉ አላስቀምጥ አሏቸው። ምስጋናው ወዲያው እሺ አለ። ይበልጣል ብዙ አንገራግሮ እሺ አለ። ቦታው የምስጋናው ቤት፣ ቀኑ የቅበላ እሑድ ሆነ። ከመሸ መንቀሳቀስ እንደ ድሮው አይደለምና እራቱ በጊዜ ተበልቶ በጊዜ ሊያልቅ ተቀጠረ። እርቅ ተብሎ አልተጠራም፤ የጓደኞች እራት ነው ተባለ። ይሁን እንጂ ይበልጣል ከየሻረግ እጅ ጠጥቶ ከወጣ ነገሩ እንዳለቀ፣ ሳይጠጣ ከወጣ ደግሞ ስሟ እንደጠፋ እንደሚቀር የማያውቅ አልነበረም።

ምስጋናው ይህን ሲነግራት ፊቱ በርቶ ነበር። የሻረግም ደስ ሊላት ሲገባ እጇ ወደ ሆዷ ሄደና መለሰችው።

ሦስተኛ ወሯን ይዛለች። ለማንም አልተናገረችም። አምና ሁለተኛውን ስትፀንስ ለጎረቤቱ ሁሉ ተናግራ፣ ሰው ሁሉ ሆዷን እያየ መርቋት፣ በአምስት ወሩ ወረደባት። ያኔ ምስጋናው እህል በአፉ አልዞር ብሎት ከሰውነት ውጭ ሆኖ ነበር። ዘንድሮ ሆዷ ራሱ ገፍቶ እስኪናገር ድረስ ለእሱም ላለመንገር ወሰነች። ጤና ጣቢያ ያየቻት ነርስ አልኮል የሚባል ነገር እንዳትነካ መከረቻት፤ የሻረግ ደግሞ ምክሩን ወስዳ በስለት አሰረችው። ኪዳነ ምሕረት ደጅ ወድቃ «ልጄን ታቅፌ ክርስትና እስካስነሳ ድረስ የሚያሰክር ነገር ጠብታ እንኳ በምላሴ አይዞርም» አለች። እንደ እሷ ላለች ሴት ይህ የዋዛ ስለት አይደለም። ጠጁን በማሽተት፣ አረፋውን በማየት፣ ጆሮዋን ጋኑ ላይ አስጠግታ በማዳመጥ ብቻ ትጥል ጀመር። ለእራቱ የጣለችውን ጠጅም አንድ ጊዜ አልቀመሰችውም።

እሑድ ጠዋት ዶሮውን እየበለተች ምስጋናውን ነካ አደረገችው።

«ዛሬ አንተ ብትቀምስላቸውስ? የቤቱ ጌታ ቢቀምስ ያምራል።»

«እኔ? የጣልሽው አንች፣ የምቀምሰው እኔ?» ብሎ ሳቀ። «በይ ግድ የለም፣ እቀምሳለሁ።»

ትንሽ ተነፈሰች።

ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል መጀመሪያ መሪጌታ ደረሱ። መቋሚያቸውን በሩ ጥግ አስደግፈው ቤቱን ባረኩ። ጥቂት ቆይቶ ይበልጣልና ፋንቱ ገቡ። ሁለቱ ወንዶች ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፤ ግን ሰላምታው ቶሎ አለቀ። ፋንቱ ነጠላዋን እስከ አገጯ ስባ፣ ለየሻረግ ጉንጯን ሳይሆን እጇን ሰጠቻት። ይበልጣል ከፌስታል ውስጥ ሁለት ጠርሙስ አወጣ።

«ከባሕር ዳር ነው ያመጣሁት። ቀይ ወይን ነው። ሻጩ ‹ቀዩ ከሥጋና ከወጥ ጋር ይሄዳል፣ ነጩ ለዓሣ ነው› አለኝ።»

«እዚህ ዓሣ ከየት መጥቶ፤ ቀዩ ይበቃናል» አሉ መሪጌታ፣ ሳቅ ሊያመጡ።

የሳቀ የለም። የሻረግ ጠርሙሶቹን ተቀብላ አየቻቸው። አንገታቸው ተጠቅልሏል፣ ቡሻቸው አልተነካም። ስጦታስ ስጦታ ነው፤ ማመስገን ይገባል፤ አመሰገነችም። ግን ጠጅ ወደሚጣልበት ቤት የታሸገ መጠጥ ይዞ የመጣ ሰው ምን እያለ እንደሆነ አልጠፋትም። «ያንችን አልጠጣም» ማለት በአፍ ቢሆን ይሻል ነበር፤ በአፍ ቢሆን ይመለስለታል። ፊቷ ሲግል ተሰማትና ወደ ጓዳ ገባች።

ስትመለስ ወንዶቹ ከጠርሙሱ ጋር ትግል ይዘዋል። መክፈቻ የለም። ምስጋናው ቡሹ ላይ ብሎን አስገብቶ በፒንሳ ሲጎትት ግማሹ ተሰብሮ ወጣ፣ ግማሹ ወደ ውስጥ ገብቶ ወይኑ ላይ ተንሳፈፈ። ይበልጣል ሳያስበው «አንተ ድሮም መዝጊያ እንጂ መክፈቻ አይሆንልህም» አለው፤ ምስጋናውም ቀና ብሎ ፈገግ አለ። የሻረግ ይህን አየች። ሁለቱ ሰዎች ለመታረቅ ምን ያህል እንደቸኮሉ አየች፤ ስለዚህ ይበልጥ ፈራች።

መሪጌታ ባርከው ዶሮ ወጡ ቀረበ። ወይኑ በብርጭቆ ተቀዳ። የሻረግ ብርጭቆ አልያዘችም፤ አሳላፊ ነኝ ብላ ቆማ ቀረች፤ ማንም ልብ አላለም። ይበልጣል አንድ ጎረሰ፤ ወይኑን አስከተለ። ግንባሩ ላብ አቸፈቸፈ። ሌላ ጎረሰ፤ ደግሞ ጠጣ። ዓይኑ እንባ ሞላ። እንዲህ ያለ ደረቅ መራራ ወይን በርበሬ ሲያገኝ እሳቱን ያባብሰዋል እንጂ አያበርደውም፤ የሻረግ ገና ስታሸተው ነው ያወቀችው። ፋንቱም አንድ ጊዜ ተጎንጭታ ብርጭቆውን ወለሉ ላይ አስቀመጠችው።

«ይኸ ወይን ከበርበሬው ጋር ተማክሮ የመጣ ነው» አሉ መሪጌታ አፋቸውን በእጃቸው እያራገቡ። «እኛ የምናውቀው ወይን ዘቢብ ተዘፍዝፎ የሚጨመቀው ነው፤ እሱም ለመቅደስ እንጂ ለወጥ አልታዘዘም።»

ይበልጣል አሁንም ብርጭቆውን አነሳ። ልቡ ሌላ፣ ጉሮሮው ሌላ ነው። ያመጣውን እሱ ካልጠጣው ማን ሊጠጣው ነው? የሻረግ ታየዋለች። ዝም ልትል ፈልጋ ነበር፤ ግን ሙያ የሚሉት ነገር ዝም አያሰኝም።

«ይሄን ለጥብሱ እናቆየው» አለች፤ «ከጥብስ ጋር ደህና ይሄዳል። ለዶሮው ግን አይሆንም።»

 ለዶሮው አይሆንም ካለች ለዶሮው የሚሆነው ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። ይበልጣል ትክ ብሎ አያት፤ ከዚያ ሳያስበው ከት ብሎ ሳቀ።

«ኧረ አመሏ አልለቀቃትም እኮ! ሰው ታስጠማለች እንጂ ያልሄደ አታጠጣም!» አለ። ሳቁ የድሮው ሳቅ ነበር። «በይ እንግዲህ፣ ለዶሮው የሚሆነውን አምጪ።»

ምስጋናው ከተቀመጠበት ብድግ ሊል ትንሽ ቀረው። መሪጌታ በለሆሳስ አንድ ነገር አነበነቡ። የሻረግ ጓዳ ገብታ ጠጁን ቀድታ፣ ብርሌዎቹን በትሪ ይዛ ወጣች። መጀመሪያ ለምስጋናው ሰጠችው።

«የቤቱ ጌታ ይቅመስ» አለች።

ምስጋናው ብርሌውን ተቀበለ። ወደ አፉ ሊያነሳው ሲል ፋንቱ ተናገረች። ከገባች ጀምሮ ቃል ሲወጣት ይህ የመጀመሪያው ነበር።

«የቤቱ ጌታ አልጣለውም። የጣለችው ትቅመስ።»

የሻረግ አጠገቧ ቆማለች፤ ፋንቱ ግን «ትቅመስ» እንጂ «ቅመሽ» አላለቻትም። ምስጋናው እጁን ባለበት አቆመ።

«እኔ እቀምሳለሁ፣ ምን ነውር አለው» አሉ መሪጌታ።

«እርስዎ ይቀመጡ መሪጌታ። እርስዎ ቢቀምሱ እኔ ምን አገኛለሁ? ያን ጊዜም ሳትቀምስ ነው የሰጠችው። አሁን ከእጇ ጠጣ ከተባለ፣ እሷ ቀምሳ ትስጠው፤ እኔም ይውጣልኝ። ሌላ ምን አልኩ?» ነጠላዋን ከአገጯ ገለጥ አደረገች። «ሦስት ቀን ሙሉ ይሞታል ብዬ ነጠላዬን ዘቅዝቄ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።»

ክፋት አልነበረባትም፤ የየሻረግን ልብ የሰበረውም እሱ ነው። ክፉ ሰው ቢሆን መልስ አይጠፋም። የጠየቀችው ትክክል ነው፤ ከዚህ የበለጠም ነገር ለማንም ይደረጋል። ሁለት ጠብታ ጠጅ ብቻ ነው የተፈለገው። ሦስት ዓመት የጠፋ ስም በሁለት ጠብታ ይመለሳል።

«ቅመሽላቸው እንጂ» አለ ምስጋናው። ፈገግ ለማለት ሞከረ።

የሻረግ የይበልጣልን ብርሌ ከትሪው አንስታ በመዳፏ ጠብ አደረገች። ጠጁ በእጇ ጎድጓዳ ላይ ረጋ፤ የስማዳ ማር ሽታ ወደ አፍንጫዋ መጣ። ግሩም ሆኖ ወጥቷል፤ ሳትቀምስም አወቀችው። እጇን አነሳች። ሁሉም ያያታል። ኪዳነ ምሕረት ይህን ታህል አትቀየመኝም ብላ አሰበች፤ ወዲያው ደግሞ አምና በዚያ አልጋ ላይ ያየችው ደም መጣባት። ቀምሳ ነገ ከነገ ወዲያ አንድ ነገር ቢሆን፣ እድሜ ልኳን በምን ትነጻለች? ከንፈሯ ጋ ሲደርስ እጇ ቆመ። ተንቀጠቀጠ። ለእርዳታ ወደ ባሏ ዞረች።

የምስጋናው ፊት ላይ ፈገግታው ጠፍቷል። ብርሌውን እንደያዘ ነው፤ እጇን ብቻ ያያል። የሚያየው ፋንቱ እንደምታየው ነበር።

ጣቶቿ ተከፈቱና ጠጁ ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

«ተነስ ይበልጣል!» አለች ፋንቱ፤ አብራ ተነሳች። «አየህ አይደል? ተነስ፣ እንሂድ!»

ይበልጣል ተነሳ። ፊቱ ዓመድ መስሏል። መሪጌታ እጃቸውን ዘርግተው «ቆዩ፣ ስለ ማርያም፣ ቆዩ» ይላሉ፤ የሚሰማቸው የለም። ነጠላው ተለበሰ፤ ይበልጣል በር ጋ ደረሰ። ይህ በር ከተዘጋ እንደማይከፈት የሻረግ አወቀች።

«አርግዣለሁ» አለች።

አልጮኸችም፤ ግን ሁሉም ቆመ።

«ሦስት ወሬ ነው። ጠብታ እንዳልቀምስ ለኪዳነ ምሕረት ተስያለሁ። ለሰው ለመናገር ፈራሁ፤ አምና ተናግሬ የሆንኩትን ታውቃላችሁ።» ወደ ይበልጣል ዞረች። «ያን ጊዜም አርግዤ ነበር፤ የመጀመሪያውን። ሽታው ሲያጥወለውለኝ ነው ሳልቀምስ የሰጠሁት። አንተ ሆስፒታል ተኝተህ ሳለ እኔ እዚህ ወረደብኝ። ያንን በኋላ ብናገር ማን ያምነኝ ነበር? አሁንም አላምንም ያለ አይመነኝ። ስሜን ላድን ብዬ ልጄን አልሰጥም፤ በቃ።»

ፋንቱ በሩ ላይ እንደቆመች ቀረች። ባሏ ደብረ ታቦር ተኝቶ ሳለ ‹የሻረግም አልጋ ይዛለች› ሲሏት ሰምታ ነበር። ያኔ «ግፏ ነው የያዛት» ብላ ሳትጠይቃት ቀረች። አሁን ያ ቃል ተመልሶ መጣባት። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ መሬት ነካ፤ አላነሳችውም። መጥታ ብርሌውን ከየሻረግ እጅ ተቀበለች። በራሷ መዳፍ ጠብ አድርጋ ቀመሰች። ያ አልበቃ ብሏት ከብርሌው ሁለቴ ተጎነጨችና ለባሏ ዘረጋችለት።

«ጠጣ» አለችው።

ይበልጣል ብርሌውን ባዶ አደረገው። ከዚያ እጁ ላይ ያለውን ብርሌ እያየ «ለዶሮውስ ይሄ ነው» አለ። ፋንቱ የየሻረግ አንገት ላይ ተጠመጠመች። «ለእኔ እንኳ አትነግሪኝም አንች? ለእኔ?» እያለች አለቀሰች፤ ጥፋቱ የየሻረግ የሆነ ይመስል ትቆጣታለች። የሻረግም አለቀሰች። መሪጌታ ተነስተው፣ አፋቸው ላይ በርበሬው እንዳለ፣ ረጅም ምርቃት መረቁ፤ ሆዷን ሳያዩ መረቁ፣ ዓይን እንዳይሆን።

ከዚያ ቤቱ ቤት ሆነ። ጥብሱ ቀረበ፤ የባሕር ዳሩ ወይን ተራው ደረሰና እውነትም ከጥብሱ ጋር ተስማማ። ይበልጣል «ሻጩን ሄጄ እነግረዋለሁ፣ ለዶሮ እንዳይሸጥ» አለ። ፋንቱ የሻረግን አስቀምጣ ራሷ ታሳልፍ ጀመር። ጓዳውን ታውቀዋለች፤ ምንም ቦታውን አልለቀቀም። ሲስቁ ሲያወሩ የሻረግም ሳቀች፤ ግን ዓይኗ ደጋግሞ አንድ ቦታ ይሄድ ነበር። መሪጌታ ጠጥተዋል፣ ይበልጣል ደግሟል፣ ፋንቱ ጉንጯ ቀልቷል። ምስጋናው ከተቀመጠበት ዱካ ሥር ግን መጀመሪያ የሰጠችው ብርሌ እስከ አንገቱ እንደሞላ ቆሟል። ወይኑን ጠጥቷል። ጠጁን አልነካውም።

ሳይመሽ ተበተኑ። ምስጋናው እንግዶቹን እስከ አስፋልቱ ሸኝቶ ተመለሰ። ዓይኑ በርቶ፣ አፉ ሳቅ ሞልቶ ገባ። አጠገቧ ተቀምጦ እጁን ወደ ሆዷ ሰደደ።

«ለምን ደበቅሽኝ?» አለ። ወቀሳ አልነበረም።

«አምና ምን እንደሆንክ አይቻለሁ። ዳግመኛ እንዳላይህ ብዬ ነው።» እጁን ከሆዷ ሳታነሳ ብርሌውን አመለከተችው። «አንተስ ለምን አልጠጣህም?»

ረሳሁት ማለት ይችል ነበር። ምስጋናው ግን ውሸት ሲናገር ጆሮው የሚቀላ ሰው ነው፤ ያንንም ያውቃል። ብርሌውን አየው።

«ፋንቱ ጠጣች» አለች የሻረግ። «ይበልጣል እንኳ ጠጣ።»

«እጅሽ ሲንቀጠቀጥ ሳይ መጀመሪያ ፈራሁ» አለ። «ኋላ ነገሩን ስትናገሪ ደግሞ አፈርኩ። በምን ዓይኔ ላንሳው?»

«ያን ጊዜስ? ይበልጣል ሲታመም?»

 ውጭ ባጃጅ እየተንገጫገጨ አለፈ።

«ሳትቀምሽ ስትሰጪው እኔም እዚያው ተቀምጬ አይቼ ነበር» አለ።

የሻረግ ያን ሁሉ ጊዜ አስታወሰች። አገር ሁሉ ሲያወራ አንድ ቀን «ምን አድርገሽ ነው?» ብሎ አልጠየቃትም ነበር። እሷም አለመጠየቁን እምነት ነው ብላ ይዛ፣ በሱ ብቻ ነበር ቀና ብላ የምትሄደው። ባለቤቴ ያምነኛል፣ ሌላው ገደል ይግባ እያለች ነበር የኖረችው። አሁን እጁን ከሆዷ ላይ አነሳችው።

«ሦስት ዓመት ሙሉ እየፈራኸኝ ነበር?»

«ከእጅሽ ያልበላሁበት ቀን አለ?» አለ ምስጋናው። «አስቢ እስቲ። ሳልበላ የወጣሁበት አንድ ጠዋት አለ? እየፈራሁም በልቻለሁ የሻረግ። ከሆነ ይሁን ብዬ በልቻለሁ። አንችን ትቼ የት ልበላ?»

ልትመታው ፈለገች፤ ልታቅፈውም ፈለገች። እንዲህ ተሰድባ አታውቅም፤ እንዲህ ተወድዳም አታውቅም። ምስጋናው ጎንበስ ብሎ ብርሌውን አነሳና ወደ አፉ ሲያስጠጋ እጁን ያዘችው።

«ተወው፤ ቆይቷል፣ ሞቋል። ሌላ እቀዳልሃለሁ።»

ጓዳ ገብታ ጋኑን ተደግፋ አለቀሰች፤ ድምፅዋን አልደበቀችም፣ እሱም እንዲሰማ ፈልጋለች። ከዚያ ብርሌውን አለቅልቃ፣ ሞልታ፣ ፊቷን ሳትጠርግ ወጣች። በመዳፏ ጠብ አላደረገችም። ዘረጋችለት። ምስጋናው በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ ዓይኑን ከዓይኗ ሳይነቅል፣ እስከ መጨረሻው ጠጣው።